ሁለት ዛፍ ላይ ስለመውጣት፦ በቡሹሎ የተደረገ የመስክ ጥናት

የጥናቱ አነሳሽ ምክንያት

በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ የሐዋሳ ከተማ አስተዳደርን ነዋሪዎች 258,808 ካደረሰ በኋላ፣ ከእነዚህ መካከል ከተማ ውስጥ የሚኖሩት 61 ከመቶ ያህሉ እንደሆኑ መዝግቧል። የቀሩት የከተማዋ ነዋሪዎች የሚኖሩት ገጠር ነው። ይህ የማተሚያ ቤት ስሕተት አይደለም። ከከተማዋ ስምንት ክፍለ ከተሞች አንዱ ሐዊላ ቱላ ሲሆን፣ በአብዛኛው የገጠር ቀበሌዎች ስብስብ ነው። በከተማዋ ካርታ ውስጥ በበሬ ይታረሳል፣ እንሰት ይፋቃል፣ ጥጃ ይታሰራል፤ ከንቲባም አለ። የሐዋሳ ሰው «ከተማ ዳር ልኑር ወይስ ገጠር ልግባ?» ብሎ ሲጨነቅ፣ ሁለቱም ያሉት ከአንድ ከንቲባ ሥር መሆኑን ልብ አይለውም።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ደሞዝተኛ ባልና ሚስት የቤት ኪራይ በጨመረ ቁጥር ያነሡታል። ጡረታ የተቃረበ ሰው ዶሮ እያሰበ ያነሣዋል። ከአሜሪካ ለሦስት ሳምንት የመጣ ዘመድ ደግሞ ሳይጠየቅ ይመልሰዋል። መልሱ ምንጊዜም «እኔ ብሆን ገጠር ነበር የምገባው» የሚል ሲሆን፣ የሚሰጠውም ሐይቅ ዳር ካለ ሆቴል በረንዳ ላይ ሆኖ ነው።

ቡሹሎ ለዚህ ጥናት የተመረጠችው ያለ በቂ ምክንያት አይደለም። ሐይቁ ዳር ናት፣ ከሐዋሳ መሐል በባጃጅ ይደረስባታል፣ ሆኖም ከባጃጁ የወረደ ሰው በመጀመሪያ የሚያገኘው እበት ሊሆን ይችላል። ከሐዋሳ ፒያሳ የመጣው ሰው «ገጠር» ይላታል። ከእሷ አልፎ የሚኖረው ገበሬ «ከተማ» ይላታል። ሁለት ሰዎች ጣታቸውን ወደ አንድ ቦታ ቀስረው የተለያየ ነገር መናገራቸው በሽማግሌ ፊት ጠብ ያስነሣል፤ ለጥናት ግን አመቺ ነው።

የተዛማጅ ጽሑፎች ቅኝት

በዘርፉ ቀደምት የሆነው ሥራ ደራሲው አይታወቅም፤ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ይላል። ሥራው አጭር ነው። የአጠናን ዘዴውን አይገልጽም፣ ናሙናውን አያሳይም፣ ዛፎቹ ምን ያህል እንደሚራራቁም አይናገርም። ያም ሆኖ በአገራችን ያለ አንዳች ተቃውሞ ሲጠቀስ ኖሯል። ከቡሹሎ የተገኘው መረጃ ይህን ጽሑፍ እንደገና መመርመር እንደሚያስፈልግ ይጠቁማል።

እንግሊዛዊው ኤቤኔዘር ሃዋርድ በ1898 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩን በሦስት ማግኔት ሥሎታል። አንደኛው ማግኔት ከተማ ነው፤ ሥራና ጨዋታ አለው፣ ግን ኪራዩ ውድ፣ አየሩ የታፈነ ነው። ሁለተኛው ገጠር ነው፤ አየሩ ንጹሕ፣ ደሞዙ አነስተኛ፣ ማኅበራዊ ኑሮው ጭር ያለ ነው። (የመጨረሻው ነጥብ ሃዋርድ የገጠር ለቅሶ ቤት ተቀምጦ እንደማያውቅ ያሳያል።) ሦስተኛው ማግኔት ከተማና ገጠርን አጋብቶ የሁለቱን መልካም መልካሙን ብቻ ይይዛል። በዚህ ሐሳብ ሌችዎርዝ የተባለች ከተማ በ1903 እ.ኤ.አ. መቆርቆር ጀመረች። በከተማዋ መጠጥ መሸጥ ስላልተፈቀደ፣ በ1907 እ.ኤ.አ. የተከፈተው መጠጥ ቤት ቢራ የሌለው መጠጥ ቤት ነበር። ቡሹሎ የሃዋርድን መጽሐፍ ሳታነብ ሦስተኛውን ማግኔት በተግባር አውላዋለች። ልዩነቱ ሁለት ብቻ ነው፦ መልካም መልካሙን ለይቶ የሚያስቀር አካል እስካሁን አልተቋቋመም፤ በቢራ በኩል ደግሞ ቡሹሎ ከሌችዎርዝ ቀድማ ሄዳለች።

ጣሊያናዊው ቼዛሬ ማርኬቲ በ1994 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ጽሑፍ፣ ሰው ከጥንት ጀምሮ በቀን ለመመላለስ የሚያውለው ጊዜ አንድ ሰዓት ገደማ እንደሆነ ይሞግታል። በእግሩ በሚሄድበት ዘመን ከመሐል ከተማ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ርቆ ይኖር ነበር፤ ፈጣን መጓጓዣ ሲያገኝ ትርፉን ጊዜ አያርፍበትም፣ ቤቱን ያርቅበታል። የማርኬቲ አንድ ሰዓት በቡሹሎ መስመርም ይሠራል። ከዚህ አንድ ሰዓት ውስጥ ብዙው ባጃጁ ሳይንቀሳቀስ፣ እስኪሞላ ሲጠበቅ የሚያልፍ መሆኑን ግን ማርኬቲ አላነሣም። ጣሊያናዊ ስለሆነ አይፈረድበትም።

ከአገር ውስጥ ምንጮች ትልቁን ቦታ የሚይዘው በቆጠራዎቹ ሥራ ላይ የዋለው የከተማ ትርጉም ነው። በዚህ መሠረት 2,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ያለው ሥፍራ ከተማ ነው። የነዋሪው ቁጥር ምንም ይሁን ምን የአስተዳደር መቀመጫ የሆነ፣ የከተማ ቀበሌ የተቋቋመበትም እንደዚሁ። ነዋሪው 1,000 የሞላና በዋናነት ከግብርና ውጭ በሆነ ሥራ የሚተዳደር ከሆነም ከተማ ይባላል። ቡሹሎ ላይ የሚያስቸግረው «በዋናነት» የሚለው ነው። ሌሊቱን በአንድ ግቢ በር ላይ ሲጠብቅ አድሮ፣ ጧት ገብቶ በቆሎውን የሚኮተኩት ሰው በደሞዙ ከታየ የጥበቃ ሠራተኛ ነው። በላቡ ከታየ ገበሬ ነው። በእንቅልፉ ከታየ የትኛውም አይደለም። ይህን የሚፈታ አዲስ ቆጠራ በ2010 ዓ.ም. ሊካሄድ ታስቦ ተራዝሟል፤ ከዚያም ደግሞ ተራዝሟል። ስለዚህ ቡሹሎ በወረቀት ላይ ዛሬም የ1999ኟ ቡሹሎ ናት፤ ያኔ የተቆጠሩት ሕፃናት የራሳቸውን ልጆች ይዘው ቀጣዩን ቆጣሪ እየጠበቁ ነው።

የአጠናን ዘዴ

ባጃጅ ከኋላ ለሦስት ሰው የተሠራ በመሆኑ ለቡድን ውይይት የተመቸ ነው። ተወያዮቹ አቋርጠው አይወጡም፤ ጉልበታቸው ከአጥኚው ጉልበት ጋር ስለሚነካካ ጥያቄውን አልሰማሁም ማለትም አይችሉም። አንዳንድ ጊዜ ከሹፌሩ ጎን አራተኛ ተወያይ ይጫናል። የዚህ ተወያይ ግማሽ አካል ከባጃጁ ውጭ ስለሚሆን የሰጠው አስተያየት በግማሽ ተይዟል። ውይይቱ «ወራጅ አለ» በተባለ ቁጥር ስለሚቋረጥ አብዛኞቹ መልሶች መቋጫ የላቸውም። ሹፌሩ በናሙናው ውስጥ አልተካተተም፤ ይህ ግን ከሁሉም በላይ ከመናገር አላገደውም።

መጠይቅ የመበተን ሐሳብም ነበር። ሆኖም በአካባቢው ወረቀትና ብዕር ይዞ የሚታይ ሰው ለምን እንደመጣ ሳይታወቅ መልስ አይሰጠውም። «የሚመዘገበው ለምንድን ነው?» ይባላል። የመሬት ካሳ ከሆነ መላሹ ገበሬ ነው፤ አባቱም ገበሬ ነበሩ። የመብራት ቆጣሪ ማመልከቻ ከሆነ የከተማ ነዋሪ ነው፤ ከተሜነቱም የቆየ ነው። ለጥናት ነው ከተባለ «ጥናቱ ምን ያመጣልናል?» የሚል ጥያቄ ስለሚከተል፣ አጥኚው ወደ ባጃጁ ተመልሷል።

ግኝቶች

የመጀመሪያው ግኝት የሰዓት ጉዳይ ነው። ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ቡሹሎ የማደሪያ ከተማ ናት። ዩኒፎርም የለበሰ ተማሪ፣ መታወቂያ ያንጠለጠለ ደሞዝተኛ፣ መዶሻውን በፌስታል የጠቀለለ ግንበኛ፣ የሆቴል አስተናጋጅ፣ ሁሉም ፊታቸውን ወደ ከተማው አዙረው ይቆማሉ። ሰላምታው አጭር ነው፤ የከብቱና የአዝመራው ደኅንነት አይጠየቅም። 2 ሰዓት ሲያልፍ ከብት ይወጣል፣ እናቶች በየደጁ ይታያሉ፣ ሰላምታ ይረዝማል፤ ቡሹሎ መንደር ትሆናለች። ከ11 ሰዓት ጀምሮ ነገሩ በተቃራኒው ይደገማል። ስለዚህ የማደሪያ ከተማና መንደር ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ናቸው የሚለው ነባር አስተሳሰብ በመስክ አልተደገፈም፤ በአንድ ቦታ ላይ የሚፈራረቁ ሁለት ተረኞች ናቸው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ከከተማ ለወጣው ሰው ደስ አይልም። ንጹሕ አየር ሽቶ፣ ሣር ሽቶ፣ የወፍ ድምፅ ሽቶ ቡሹሎ የገባው ደሞዝተኛ ጧት 1 ሰዓት ከቤቱ ወጥቶ ማታ 1 ሰዓት ይመለሳል። የመጣባትን መንደር በሥራ ቀን አይቷት አያውቅም። የሚያውቃት በእሑድ ነው። እሑድ ደግሞ ሠርግ አለ፤ ሠርጉ ከተማ ነው። አየሩን የሚተነፍሱለት ዘበኛውና ሞግዚቷ ሲሆኑ፣ ሁለቱም ከገጠር የመጡት ከተማ እንገባለን ብለው ነው።

ጸጥታን በተመለከተ ተወያዮቹ በሁለት ተከፍለዋል። ከመናኸሪያ አካባቢ የመጡት በመጀመሪያው ሳምንት ጸጥታውን ያመሰግናሉ። በሁለተኛው ሳምንት ዶሮው በሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚጮኽ ይናገራሉ። ከዚያ አህያው፣ ውሻው፣ ጅቡ፣ ከሐይቁ በኩል እንቁራሪቱ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚጸለይበት ማይክራፎን በተራ ይመጣሉ። የከተማ ጩኸት ባለቤት አለው፤ ሙዚቃ ቤቱን «ቀንሱልን» ማለት ይቻላል። እንቁራሪት ግን ቀበሌ የላትም። ነባሩ ነዋሪ በዚህ ሁሉ ውስጥ እንዴት እንደሚተኛ ሲጠየቅ ጥያቄው አልገባውም፤ እሱ ከተማ ያደረ ዕለት ነው እንቅልፍ የሚያጣው።

ንጹሑ አየርም ቢሆን ያለ ተጓዳኝ አይመጣም። ሐይቁ ነፋስ ይሰጣል፣ ነፋሱ ሲቆም ትንኝ ይሰጣል፤ ወባ ለሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ እንግዳ አይደለችም። ደላላ ግን ከአየሩ ነጥሎ ትንኟን አያስጎበኝም፤ ቤት የሚያሳየው በጠራራ ፀሐይ ነው። አጎበር በየትኛውም የቤት ሽያጭ ማስታወቂያ ውስጥ አልተገኘም።

የደላላው ሚና ራሱን የቻለ ጥናት ይሻል። እዚህ የሚወሳው ባጭሩ ነው። «ጋሼ፣ ይሄ ቦታ እኮ ነገ ከተማ ነው» ይላል። መንገዱ ሊሠራ ነው፣ ውሃው ሊገባ ነው፣ ፕላኑ ሊጸድቅ ነው። ያው ደላላ ለሌላ ገዢ፣ ለዚያው ቦታ፣ በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ «የኔ እናት፣ ገጠር ነው እኮ፣ ማንም አይደርስብሽም» ሲል ተሰምቷል። ሁለቱም ገዢዎች የፈለጉትን ሰምተው በመሄዳቸው የደላላው የመረጃ አሰጣጥ ደንበኛን ያማከለ ነው ማለት ይቻላል። ዋጋው በሁለቱም ጊዜ የከተማ ነበር።

ወተት ላይ የተገኘው ውጤት ለንድፈ ሐሳብ አደገኛ ነው። ጀርመናዊው ዮሐን ሃይንሪሽ ፎን ቱነን በ1826 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ከተማን መሐል አስቀምጦ በዙሪያው የእርሻ ቀለበቶችን አሥምሯል። ቶሎ የሚበላሹት ወተትና አትክልት ለከተማው ከሚቀርበው ቀለበት ይመጣሉ፤ ቀጥሎ ማገዶ፣ ከዚያ እህል፣ በስተመጨረሻ ከብት ርባታ። ሰውየው ራሱ እርሻ የሚያስተዳድር ስለነበር ሒሳቡ ጥሩ ነው። በሐዋሳ ግን የወተት ላሞች ከተማው ውስጥ፣ በየግቢው በረት ታስረው መኖ ይበላሉ። ቡሹሎ የገባው ደሞዝተኛ በበኩሉ ለልጆቹ ወተት የሚገዛው ከከተማ ነው፤ ማታ ሲመለስ በላስቲክ ይዞ ይገባል። እንቁላሉም ከዶሮ ርባታ፣ በካርቶን። የጎረቤቱ ላም ወተቷን የምትሰጠው ለቅቤ ነው፤ ቅቤው ለቡርሳሜ ነው፤ ቡርሳሜው ለእንግዳ ነው፤ እሱ ደግሞ ገና እንግዳ አልሆነም፣ ጎረቤት ነው። ከቱነን ቀለበት ሳይዛነፍ የቀረው ጫት ብቻ ነው። ጫት ከወተት ባልተናነሰ ስለሚቸኩል ንድፈ ሐሳቡ በሚያዘው መሠረት ከተማዋን ከቅርብ ከቧታል፤ ጠዋት የተቀነጠሰው በለጬ ከሰዓት በኋላ በየበርጫው ፍራሽ ላይ ይገኛል። ቱነን ጫት ባያውቅም ጫት ቱነንን ያውቀዋል።

የዕድሜው ነገርም ሊታለፍ አይገባም። ሐዋሳ በራስ መንገሻ ሥዩም የሲዳሞ ጠቅላይ ገዥነት ዘመን፣ በ1952 ዓ.ም. ገደማ የተቆረቆረች ናት፤ ከስድሳ ዓመት ጥቂት ዘለል ብትል ነው። ከዚያ በፊት ሐይቁ ነበረ፣ ሣሩ ነበረ፣ ከብቱ ነበረ፤ ፒያሳ አልነበረችም። ስለዚህ ሰማንያ ዓመት የሞላቸው የአካባቢው አዛውንት ከተማዋን በሕፃንነቷ ያውቋታል። ስትወለድ ነበሩ፣ ስትድኽ አይተዋል፤ አሁን ደጃቸው መጥታ «ወደ ከተማ ለመግባት አስበው ያውቃሉ?» ብላ በአጥኚ በኩል ታስጠይቃቸዋለች። የተሰጠው መልስ «እኛ የትም አልሄድን፤ እሷ ናት የመጣችው» የሚል ነበር። ሳቅ ተከትሎታል፤ በማን ላይ እንደተሳቀ ማስታወሻው አይገልጽም።

በልደት በኩልም ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሌላው አገር ገጠሬ ለመውለድ ወደ ከተማ ይወርዳል። ቡሹሎ ግን በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የሚተዳደር፣ በእናቶችና ሕፃናት ሕክምና ስሙ የተሰማ የጤና ተቋም ስላላት፣ ከከተማው መሐል የተነሡ ነፍሰ ጡሮች ወደ እሷ ይመጣሉ። በዚህ የተነሣ «የሐዋሳ ልጅ ነኝ፣ ገጠር አላውቅም» ብሎ ከሚፎክረው ወጣት መካከል የተወለደው ቡሹሎ የሆነ አለ። በአንጻሩ በቡሹሎ ማሳ መሐል ያደገው እኩያው ሪፈራል ሆስፒታል ሊወለድ ይችላል። የትውልድ ቦታን ለከተሜነት መለኪያ ማድረግ የሚፈልግ ተመራማሪ ሁለቱን ባጃጅ ውስጥ ባያገናኛቸው ይሻላል።

ምርጫ የሚለው ነገር ከመሬት ሕግ ጋር ሲገናኝ ይበልጥ ይቀጥናል። በ1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠርን መሬት በአዋጅ ቁጥር 31፣ የከተማን ቦታና ትርፍ ቤት ደግሞ ወራት ቆይቶ በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት አደረገ። ከዚያ ወዲህ አፈሩ አንድ ሆኖ ሕጉ ሁለት ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሬት እንደማይሸጥ እንደማይለወጥ ደነገገ፤ የከተማው ቦታ በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ይተዳደራል። አንድ የቡሹሎ ማሳ የትኛው ሕግ ቤት እንደሚያድር የሚወስነው እንሰቱ ሳይሆን የካርታው መሥመር ነው። መሥመሩ ቢሮ ውስጥ ሲሻገር ማሳው ላይ የሚሰማ ድምፅ የለም። አዲስ አበባ ዙሪያ በ2015 ዓ.ም. ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ገላን፣ ለገጣፎ ለገዳዲ በሸገር ከተማ ሥር ሲጠቃለሉ፣ ብዙ ሰው ማታ በተኛባት ከተማ ጧት አልነቃም፤ አልጋው ግን እዚያው ነበር። ከአዲስ አበባ ኪራይ ሸሽቶ «ወጣ ብዬ ልኑር» ያለው ሰው መርጦ ነበር፤ የመረጠው ቦታ ግን እንደመረጠው አልቆየለትም።

በመጠይቁ ሙከራ ወቅት የታየው የመልስ መለዋወጥም ምክንያቱ ይኸው ነው። በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 መሠረት መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም በቋሚነት ለተወሰደበትና ምትክ ላላገኘ ገበሬ የሚሰጠው የልማት ተነሺነት ካሳ፣ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ በ15 ተባዝቶ ይሰላል። በዚህ ስሌት ፊት ገጠሬነት ክብር ብቻ ሳይሆን አኃዝ ነው። አንድም የእንሰት እግር፣ አንድም የቡና ዛፍ ሳይቆጠር አይታለፍም፤ ከዚህ ቀደም በጥላነቱ ብቻ ይታወቅ የነበረው አቮካዶ ያን ሰሞን ፍሬያማነቱ ይመሰከርለታል። መብራት ሲጠየቅ ግን «እኛ እኮ የከተማ ነዋሪ ነን፣ እስከ መቼ በጨለማ?» ይባላል። አጥኚው ይህን እንደ አድርባይነት አይቆጥረውም። መንግሥት ራሱ በአንድ ደብዳቤ «የከተማችን ነዋሪዎች»፣ በሌላው «አርሶ አደሮቻችን» ይላቸዋል፤ እነሱ የሚመልሱት በተጠሩበት ስም ነው።

እዚህ ላይ ጥናቱ ያለ ቀልድ የሚያልፈው አንድ ቡድን አለ። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶችን ከገጠር አምጥቷል። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት፣ በአገሪቱ የልብስ ፋብሪካዎች የጀማሪ ሠራተኛ መነሻ ደሞዝ በወር 26 ዶላር ነበር። በዚህ ደሞዝ አንዲት ልጅ ከተማ ልኑር ወይስ ከተማ ዳር ብላ አታወዳድርም፤ ከጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ይዛ ፍራሹን በፈረቃ ትካፈላለች። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። አከራዮች አዋጁን ሲጠየቁ «ሰምተናል» ይላሉ፤ የሰሙትም ኪራይ ሲጨምሩ ነው። ልጅቷ «የት ብትኖሪ ትመርጫለሽ?» ተብላ ብትጠየቅ «ሰርቪሱ በሚያልፍበት» ትላለች። ሃዋርድ ለዚህ ማግኔት አልሣለም።

ወደ ዛፎቹ እንመለስ። ከከተማ ወጥቶ ቡሹሎ የገባ ሰው የቀድሞ ሠፈሩን እድር አይለቅም፤ የዓመታት መዋጮው እዚያ አለ። አዲሱ ሠፈር ደግሞ እድር ሳይገባ ሰው አይለውም። ስለዚህ በሁለት እድር ይመዘገባል፣ በሁለት ጥሩንባ ይነቃል፣ በሁለት ለቅሶ ይቀጣል፤ አንዱ ጋ ሲቀመጥ ሌላው ጋ ስለሚቀር። ለራሱ ቀን ሁለት ድንኳን እንደሚተከልለት ያውቃል፤ አስከሬኑ አንድ ስለሆነ የትኛው ድንኳን ባዶውን እንደሚቆም በሁለቱም መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ አልተጻፈም። ከላይ የተጠቀሰው ቀደምት ጽሑፍ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም ሲል፣ መውጣቱ የሚቻል መሆኑን ሳያይ አልቀረም። ሳይመለከት የቀረው የሁለቱም ዛፍ ዳኞች መዋጮ የሚሰበስቡት በአንድ እሑድ መሆኑን ነው።

በዓመት አንድ ጊዜ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። ፍቼ ጨምበላላ ሲደርስ፣ ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. በዓለም የማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ ማለት ነው፣ ገጠሩ በሙሉ ሐዋሳ ውስጥ ወዳለው ጉዱማሌ ይጎርፋል። በእነዚያ ቀናት ከተማዋ ራሷ መንደር ትሆናለች፤ አስፋልቱ ላይ ይጨፈራል፣ ማንም ማንንም «ከየት መጣህ?» አይልም። ከተማ ለቆ ቡሹሎ የገባው ደሞዝተኛ ያን ዕለት ቤቱ ይቀመጣል። መንደሩ በሙሉ ከተማ ስለሄደ፣ ሲመኘው የኖረውን ጸጥታ የሚያገኘው ያን ዕለት ብቻ ነው። ሲያገኘው ይሰለቸዋል፤ ባጃጅ ደግሞ የለም።

በመጨረሻም በምልልስ ረገድ ከሁሉም የተሳካለት ነዋሪ ሰው እንዳልሆነ መመዝገብ ግድ ይላል። የሐዋሳ ሐይቅ ጉማሬ ቀኑን ውሃ ውስጥ ይውላል፣ ሲመሽ ወደ ሣሩ ይወጣል፣ ሳይነጋ ይመለሳል። መኖሪያውና መብያው የተለያየ ነው፣ ሰዓቱን ያከብራል፣ ትራንስፖርት አይከፍልም፣ መንገድ ተዘጋ ብሎ አይዘገይም፤ መንገዱን ራሱ ይዘጋዋል። ከተማና ገጠርን ያለ ጭንቀት አጣምሮ የሚኖር ብቸኛው ፍጡር እሱ ነው። ገበሬዎቹ በዚህ ግኝት አልተስማሙም። እነሱ እንደሚሉት ጉማሬው በመንገዱ በቆሎ ስለሚበላ እንደ ተመላላሽ ሳይሆን እንደ ግብር ሰብሳቢ ነው መታየት ያለበት። አጥኚው ሁለቱን አመለካከቶች ለማስታረቅ ከጉማሬው ወገን ቃል ለመቀበል አልሞከረም።

የመፍትሔ ሐሳብ

ቡሹሎ ከተማ ናት ወይስ ገጠር የሚለውን ለመወሰን የቆጠራው ትርጉም፣ የካርታው መሥመር፣ የደላላው ቃል፣ የመሬት አዋጆቹም እርስ በርስ ስለሚጋጩ፣ አጥኚው ለኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የሚያቀርበው በመስክ ተፈትኖ ወጥ ውጤት የሰጠውን ብቸኛ መለኪያ ነው። መለኪያው በባጃጅ ሹፌሮች እጅ ይገኛል። እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ድረስ ቡሹሎ በመስመር ዋጋ ይኬድባታል፤ ስለዚህ ከተማ ናት። ከ1 ሰዓት በኋላ «ኮንትራት ነው ጋሼ፣ ገጠር እኮ ነው» ስለሚባል ገጠር ናት። በዚህ መለኪያ ላይ ምሁርም ገበሬም ተከራክሮ ያሸነፈ የለም። ዝናብ ከጣለ ግን በየትኛውም ዋጋ ቡሹሎ የት እንደሆነች የሚያውቅ ሹፌር አይገኝም።